«ተቀባይ» እና «ቀላቢ»፦ በዘረ መል ጥምረት ስለሚመረቱ የሰው ተቀባይ ፕሮቲኖችና ስለ አማርኛ ስያሜያቸው

በካንሰርና በደም ሥሮች ላይ ምርምር በሚካሄድባቸው ቤተ ሙከራዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ብልቃጥ «ሪኮምቢናንት ሂውማን ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ሪሴፕተር-2 ኤፍ.ሲ. ካይሜራ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባት ትገኛለች። በውስጧ ያለው የደረቀ ፕሮቲን በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ የሚለካ በመሆኑ ብዙ ጊዜ በዓይን እንኳ በቅጡ አይታይም። ይህን ጽሑፍ አንድ ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ይዞ ቃል በቃል ቢመልሰው «የተቀላቀለ የሰው ተቀባይ ዲቃላ» ከሚል ሐረግ ላይ ይደርሳል። ቃላቱ እያንዳንዳቸው ከመዝገብ የተገኙ ናቸው፤ ሐረጉ ግን ከነገሩ ጋር ይጣላል። «የተቀላቀለ» ሲባል ባዕድ ነገር የገባበት ይመስላል፤ የብልቃጧ ዋጋ ግን ምንም ያልተቀላቀለበት በመሆኑ ነው። «የሰው» ሲባል ከሰው አካል የተወሰደ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሰው አካል የተወሰደ አንዳች ነገር የለበትም። «ዲቃላ» ለበቆሎ ዘር ሲነገር ያስኬድ ይሆናል፤ ከ«ሰው» አጠገብ ሲቀመጥ ግን ስድብ ነው። «ተቀባይ» የሚለው ቃል ብቻ ነው ሊያዛልቅ የሚችል፤ እርሱም ቢሆን ማብራሪያ ይሻል።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በባዕድ ቃላቸው እንዲሠሩበት መተው በተቻለ ነበር። ዳሩ ግን ከዚህ ወገን የሆኑ ፕሮቲኖች ዛሬ በመርፌ ለሕመምተኛ የሚሰጡ መድኃኒቶች ሆነዋል። መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ምንነቱን ለታካሚው ማስረዳት ይኖርበታል፤ ታካሚውም «ከሰው ደም የተሠራ ነውን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ለመስጠት የሚበቃ ሐረግ በቋንቋው ውስጥ ሊኖር ይገባል። ስለዚህም ከስያሜው በፊት ነገሩን ማወቅ ይቀድማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ደም ሥር። «የደም ቧንቧ» የሚለው አጠራር በጤና ጽሑፎች እየተስፋፋ ቢመጣም ለዚህ ርእሰ ጉዳይ አይመችም። ቧንቧ አንድ ጊዜ ተዘርግቶ የሚቀር ግዑዝ ነገር ነው፤ ደም የሚመላለስበት መንገድ ግን ውስጠኛው ግድግዳ በሕያዋን ሕዋሳት የተነጠፈ፣ ሲጎዳ የሚጠገን፣ ሲያስፈልግም የሚያድግና የሚከፈል አካል ነው። አማርኛ ደም ከልብ ቀድቶ የሚያደርሰውን «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚመልሰውን «ደም መልስ» ብሎ በግሩም ሁኔታ ከለየ በኋላ የጋራ ስማቸውን «ደም ሥር» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሥር ወደ ርጥበት ያድጋልና። ከነባር የደም ሥር ጎን አዲስ ቅርንጫፍ ብቅ ብሎ ወደ ተራበ ሥጋ የሚያመራበትን ሂደት፣ ሊቃውንቱ አንጂዮጄኔሲስ የሚሉትን፣ «የደም ሥር ማቆጥቆጥ» ልንለው እንችላለን። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ያየ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳዋል። በጽንስ ጊዜ የደም ሥሮች ከመነሻ ሕዋሳት እንደ አዲስ የሚፈጠሩበት ሂደት ከዚህ የተለየ ስለሆነ «ማቆጥቆጥ» ሊባል አይገባውም።

ማቆጥቆጥን ከካንሰር ጋር ያገናኙት በቦስተን የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ጁዳ ፎክማን ናቸው። በ1971 ባወጡት ጽሑፍ፣ የካንሰር ዕጢ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ካልሳበ በቀር ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ሊያድግ እንደማይችል፣ ይህንንም የሚያደርገው አንዳች መልእክት ወደ አካባቢው በመርጨት መሆኑን አመለከቱ። መልእክቱን ቢያፍኑት ዕጢውን ማስራብ ይቻላል ማለት ነው። (እዚህ ላይ «ካንሰር» ማለታችን «ነቀርሳ»ን ንቀን አይደለም። «ነቀርሳ» ለረጅም ጊዜ «የሳንባ ነቀርሳ» እየተባለ ለቲቢም ሲያገለግል ስለኖረ ሁለቱን በሽታዎች ያጋጫል።) ሐሳቡ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። መልእክቱም ተለይቶ እስኪታወቅ ዓመታት አለፉ። በ1983 ዶናልድ ሴንገርና ሃሮልድ ድቮራክ ከዕጢ የሚመነጭ፣ የደም ሥር ግድግዳን የሚያሾልክ ፕሮቲን መኖሩን አሳወቁ፤ በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ የደም ሥር ሕዋሳትን የሚያራባ ፕሮቲን ለይተው አወጡ፤ ሁለቱም አንድ ሆነው ተገኙ። ይህ ነው በምሕጻር ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የሚባለው። የስሙ የመጨረሻ ፊደል የምትወክለውን «ፋክተር» የሚል ቃል «ምክንያት» ብለው የሚመልሱ ይገኛሉ፤ ምክንያት ግን በብልቃጥ አይገባም። «የደም ሥር ሕዋሳት አሳዳጊ» ቢባል ይበቃል።

መልእክት ካለ ተቀባይ ይኖራል። የመጀመሪያው ተቀባይ ዘረ መል በ1990 በጃፓን ተመራማሪዎች ተገኘ፤ የአሳዳጊው ተቀባይ መሆኑ ደግሞ በ1992 ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት ሁለተኛውም ታወቀ። ዛሬ ተቀባይ-1 እና ተቀባይ-2 ይባላሉ። ሁለቱም በደም ሥር ሕዋስ ሽፋን ላይ ተሰክተው የሚኖሩ ረጃጅም ፕሮቲኖች ናቸው። ተቀባይ-2 ሲሠራ በ1,356 አሚኖ አሲዶች የሚጀምር ሲሆን ሦስት ክፍል አለው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደሩ ሰባት እጥፋቶች አሉት። ከዚያ ሽፋኑን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበሳ አጭር ማለፊያ ይከተላል። ከሕዋሱ ውስጥ ያለው ሦስተኛው ክፍል ፎስፌትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው። አሳዳጊው ራሱ መንታ ስለሆነ በሁለት ወገኑ ሁለት ተቀባዮችን ይዞ ያቀራርባቸዋል፤ የተቀራረቡት ተቀባዮችም በውስጥ በኩል አንዱ የሌላውን ጅራት በፎስፌት ምልክት ያደርጉበታል፤ ይህ ምልክት ሕዋሱን «ተከፈል፣ ተንቀሳቀስ፣ አቆጥቁጥ» ለሚሉ ተከታታይ ሥራዎች ያነሣሣዋል።

«ተቀባይ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይሸከማልን? ቃሉን በፖስታ ቤት ትርጉሙ ብቻ ከወሰድነው አይሸከምም። የደብዳቤ ተቀባይ ፈርሞ ከተረከበ በኋላ ነገሩ ያበቃል። ነገር ግን በዘፈናችን ውስጥ ሌላ «ተቀባይ» አለ። አውጪው ግጥሙን ሲያወጣ ተቀባዮቹ ዝም ብለው አያዳምጡም፤ ተቀብለው መልሰው ያሰሙታል፤ ያለ እነርሱ ዘፈኑ አይደምቅም። ሪሴፕተር የሚባለው ፕሮቲን ሥራው የዚህኛው ተቀባይ ሥራ ነው፦ ከውጭ ይቀበላል፣ ወደ ውስጥ ያሰማል። ስለዚህ «ተቀባይ» የሚለውን ቃል በሌላ ለመተካት የሚደረገው ሙከራ አላስፈላጊ ነው እንላለን። የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ግን ፍቺውን ሲጽፍ «መልእክት የሚረከብ» ብሎ ሳያቆም «ተረክቦም ለሕዋሱ የሚያስተላልፍ» ብሎ መጨመር አለበት። ይህች ጭማሪ ከዚህ በታች ለሚመጣው ነገር ታስፈልገናለች።

ተመራማሪው ይህን ተቀባይ አውጥቶ ሊያጠናው ሲፈልግ ከሰው ሥጋ አጥቦ ማውጣት አያዛልቀውም፤ መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፣ ከሽፋኑ ሲላቀቅም ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ ፕሮቲኑን ትቶ የፕሮቲኑን ትእዛዝ ይወስዳል። ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር በ1973 እንዳሳዩት፣ አንድን የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ በቆራጭ ኢንዛይም ቆርጦ፣ በአጣማሪ ኢንዛይም ከሌላ ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ገጥሞ፣ በባክቴሪያ ውስጥ ማራባት ይቻላል። ሪኮምቢናንት የሚለው ቃል የሚናገረው ይህን ግጥሚያ ነው። ልብ ይሏል፤ የተገጠመው ትእዛዙ እንጂ ፕሮቲኑ አይደለም። ከትእዛዙ የሚወጣው ፕሮቲን እንደ ታዘዘው አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። «ቅልቅል» የሚለው ትርጉም የሚስተው ይህን ነው።

አጭር ስያሜ ለማግኘት «ጥምረ ዘር» ብንል በ«መዝገበ ቃላት» እና በ«ሥነ ሕይወት» አምሳል የተሠራ፣ ለጆሮ የሚጥም ቃል ይሆን ነበር። ነገር ግን «ዘር» በዕለት ንግግራችን የሚጠራው ሌላ ነገር ስለሆነ፣ «ጥምረ ዘር የሰው ፕሮቲን» ያየ አንባቢ ሐሳቡ ከሕዋስ ወደ ትውልድ ሐረግ ይሄዳል። ስለሆነም ረዘም ቢልም «በዘረ መል ጥምረት የተመረተ» የሚለውን እንመርጣለን። ሐረጉ ጥምረቱን ከዘረ መሉ ላይ፣ መመረቱን ከፕሮቲኑ ላይ አድርጎ ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ርዝመቱ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

አምራቹ ማን ነው? በዚህ መንገድ ከተሠሩት የሰው ፕሮቲኖች የመጀመሪያው ዝነኛ ኢንሱሊን ነው። በ1978 በባክቴሪያ ተሠርቶ በ1982 ለሕክምና ተፈቀደ። ኢንሱሊን ግን 51 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ተቀባይ-2ን ለባክቴሪያ መስጠት ለሸክላ ሠሪ የሽመና ሥራ እንደ መስጠት ያለ ነው። የተቀባዩ እጥፋቶች ተይዘው የሚኖሩት በድኝ ድልድዮች ነው፤ የባክቴሪያ ውስጠኛ አካል ደግሞ እነዚህን ድልድዮች ለመሥራት አይመችም። በተቀባዩ ላይ የስኳር ሰንሰለቶች መሰካት አለባቸው፤ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት የተለመዱት ባክቴሪያዎች ይህን ሙያ አያውቁም። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ሳይታጠፍ የተጓጎለ፣ ሥራ የማይሠራ ክምር ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው ለእንስሳት ሕዋሳት ይሰጣል። አንደኛው አምራች የነፍሳት ሕዋስ ነው። በ1983 ማክስ ሰመርስና ጌል ስሚዝ ነፍሳትን የሚያጠቃ ባኩሎቫይረስ የተባለ ቫይረስ የሰውን ትእዛዝ ተሸክሞ ወደ ነፍሳት ሕዋስ እንዲገባና የሰውን ኢንተርፌሮን እንዲያሠራ አደረጉ። ለዚህ ተግባር በሰፊው የሚያገለግሉት ሕዋሳት ከአንድ የእሳት ራት ሙሽሬ እንቁላል አፍሪ አካል የተገኙ ናቸው። ይህች የእሳት ራት በ2017 ወደ ኢትዮጵያ ገብታ የበቆሎ ማሳችንን ያጠቃችውና ገበሬያችን «መጤ ተምች» ያላት ናት። በማሳ ጠላት የሆነች በቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሆና መገኘቷ የሚያስደንቅ ነው። የእርሷ ሕዋሳት ድልድዩን በደንብ ይሠራሉ፤ የሚሰኩት ስኳር ግን ከሰው ይልቅ አጭርና ቀላል ስለሆነ እንዲህ ያለ ፕሮቲን በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ለቤተ ሙከራ ጥናት ይበቃል፤ ለመድኃኒት ሲሆን ግን በአብዛኛው በ1957 በቴዎዶር ፐክ ቤተ ሙከራ ከቻይና ሃምስተር እንቁላል አፍሪ አካል ወደ ተገኙት ሕዋሳት ይኬዳል። ሃምስተር አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ነው። ሦስተኛው አምራች ራሱ የሰው ሕዋስ ነው፤ በ1973 በኔዘርላንድስ ከጽንስ ኩላሊት የተገኘ፣ እስከ ዛሬ በመራባት ላይ ያለ የሕዋስ መሥመር አለ።

እንግዲህ «የሰው» የሚለው ቅጽል ስለ አምራቹ ምንም እንደማይነግረን ግልጽ ነው። የሚነግረን ትእዛዙ የማን እንደሆነ ብቻ ነው። ለታካሚው ሲነገር «በሃምስተር ሕዋስ ውስጥ በሰው ዘረ መል ትእዛዝ የተመረተ» ማለት ይገባል። «ሰው ሠራሽ» ማለትም አይሻልም፤ በጆሮ «የሰው» እና «ሰው ሠራሽ» ስለሚምታቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሠሪው ሕዋስ ስለሆነ ጭምር ነው።

የአሠራሩ ዋና ጥበብ ከመቁረጥ ላይ ነው። ሽፋኑን የሚበሳው ክፍል ውኃ ስለሚጠላ ተቀባዩ በሙሉ ከተሠራ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ስለዚህ ከትእዛዙ ላይ ማለፊያውና ውስጠኛው ክፍል ተቆርጠው ይጣሉና ሰባቱ ውጫዊ እጥፋቶች ብቻ ይቀራሉ። በመነሻው ያለው «ወደ ውጭ ላክ» የሚል አጭር ምልክት እንዲቆይ ይደረጋል። ሕዋሱም የተቆረጠውን ተቀባይ ሠርቶ ወደሚኖርበት ፈሳሽ ይለቀዋል። ከመድረሻው ላይ ደግሞ ለመያዣ የሚሆን ነገር ይጨመርለታል፦ ወይ ኒኬልን የሚይዙ ስድስት ሂስቲዲኖች፣ ወይም ኤፍ.ሲ. የተባለው የፀረ እንግዳ አካል ግንድ። ኤፍ.ሲ. የተጨመረበት እንደሆነ ፈሳሹ «ፕሮቲን ኤ» በተነጠፈበት ዓምድ ውስጥ ሲያልፍ ተፈላጊው ተይዞ ይቀራል፣ ሌላው ይፈስሳል፤ ቀጥሎ አሲድነት ባለው ፈሳሽ ተላቅቆ ይወጣል። ለዚህ መያዣ የሰዋስው ሰዎች አዲስ ስም መፈለግ አያሻቸውም፤ ከቃል መጨረሻ ላይ የሚገባውን «ቅጥያ» ብለን የምንጠራው ሆነን ሳለ፣ ከፕሮቲን መጨረሻ ላይ የሚገባውን ሌላ ልንለው አይገባም። «ካይሜራ» የተባለውም «ባለ ቅጥያ» ቢባል «ዲቃላ» ከሚያስከትለው ነውር ይድናል። የብልቃጧ ጽሑፍ በዚህ መሠረት «በዘረ መል ጥምረት የተመረተ የሰው ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ተቀባይ-2፣ ባለ ኤፍ.ሲ. ቅጥያ» ይሆናል።

ከሽፋኑ ተለይቶ በፈሳሽ ውስጥ ያለውን ተቀባይ እንግሊዝኛው «ሶሉብል» ይለዋል። በኬሚስትሪ «ሟሚ» ስለምንል «ሟሚ ተቀባይ» የሚሉ አሉ፤ ሲሰሙት ግን እንደ ጨው ሟሙቶ የሚጠፋ ነገር ይመስላል። «ልቅ» የነውር ሽታ አለው። «ነጻ ተቀባይ» ደግሞ መልእክት ያልያዘ፣ ክፍት የሆነ ተቀባይ ለማለት ያስፈልጋል። በፈሳሽ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚሄድ ስለሆነ «ዘዋሪ ተቀባይ» ብንለው የሚሻል ይመስለናል።

ዘዋሪው ተቀባይ የሚሠራው ሥራ ከሙሉው ተቀባይ ተቃራኒ ነው። እጁ አለ፣ አንደበቱ ግን ተቆርጧል፤ አሳዳጊውን ይይዛል፣ ወደ ሕዋስ ግን የሚያሰማው ነገር የለም። የጥራቱ ፈተናም በዚሁ ይካሄዳል። ከሕፃን ዕትብት ደም መልስ የተገኙ ሕዋሳት በአሳዳጊው አማካይነት እንዲራቡ ይደረጋል፤ ከዚያ ዘዋሪው ተቀባይ እየተጨመረ መራባቱ በምን ያህል መጠን እንደሚገታ ይለካል። በሚገባ ያልታጠፈ ፕሮቲን በክብደት ሚዛን ላይ ከታጠፈው ጋር እኩል ነው፤ በዚህ ፈተና ግን ይጋለጣል። ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚመጣ መርዝ በጥቂቱም ቢሆን የደም ሥር ሕዋሳትን ስለሚረብሽ እርሱም ለብቻው ይመረመራል። ይህ ካልተደረገ ተመራማሪው የመርዙን ሥራ የተቀባዩ ሥራ አድርጎ ይመዘግባል።

ለዚህ ሥራ አማርኛ የተዘጋጀ ግሥ አለው። የተወረወረ ነገር ከታለመለት ቦታ ሳይደርስ በአየር ላይ ሲያዝ «ቀለበ» እንላለን። አሳዳጊውን ከሕዋሱ ሳይደርስ የሚይዘው ዘዋሪ ተቀባይ «ቀላቢ ተቀባይ» ሊባል ይችላል። «ቀላቢ» ቀለብ ሰፋሪም ማለት መሆኑ አይዘነጋም፤ «ተቀባይ» አብሮት እስካለ ድረስ ግን የሚያሳስት አይደለም። ሁለቱ ስሞች ግን ሊቀላቀሉ አይገባም። «ዘዋሪ» የሚናገረው ስለ ሁኔታው፣ «ቀላቢ» ስለ ሥራው ነው። ብርጭቆ ላይ ተለጥፎ አዳዲስ መድኃኒቶች የሚፈተኑበት የተቆረጠ ተቀባይ የሚቀልበው የለምና ቀላቢ አይባልም።

ተፈጥሮም ይህን ዘዴ ታውቀዋለች። አካላችን ራሱ ከተቀባይ-1 ዘረ መል ሙሉውንም አጭሩንም ይሠራል። በ2003 በወጣ ጥናት እንደታየው፣ ፕሪኤክላምፕሲያ በሚባለው፣ ነፍሰ ጡሮችን የደም ግፊት በሚያስነሣው ሕመም ጊዜ የእንግዴ ልጅ ይህን አጭር ተቀባይ ከልክ በላይ ወደ ደም ይለቃል፤ አሳዳጊውም ተቀልቦ ሲያልቅ የእናትየዋ የደም ሥሮችና ኩላሊት ይጎዳሉ።

መድኃኒት ሠሪዎቹ የሄዱበት መንገድ ቀጥተኛ አልነበረም። ከሁለቱ ተቀባዮች አሳዳጊውን አጥብቆ የሚይዘው ተቀባይ-1 ስለሆነ መጀመሪያ የእርሱን ሦስት እጥፋቶች ወስደው ኤፍ.ሲ. ቀጠሉበት። ይዞታው ጠንካራ ሆነ፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ በእንስሳ አካል ውስጥ እንደ ተወጋ ከሕዋሳት ዙሪያ ካለው ነገር ጋር እየተጣበቀ በደም ውስጥ ሊዘዋወር አልቻለም፤ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለበዛበት ነው። በ2002 በታተመ ሥራ የሪጀነሮን ተመራማሪዎች ከተቀባይ-1 ሁለተኛውን እጥፋት፣ ከተቀባይ-2 ሦስተኛውን እጥፋት ብቻ ወስደው በመግጠም ችግሩን አቃለሉት። አፍሊበርሴፕት ይህ ነው። የሚመረተው በሃምስተር ሕዋስ ነው። በአሜሪካ በ2011 ለዓይን ብርሃን መቀበያ በሽታ፣ በ2012 ወደ ሌላ አካል ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር እንዲሰጥ ተፈቀደ። ቀደም ብሎ በ2004 የተፈቀደው ቤቫሲዙማብ አሳዳጊውን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ተቀባይ አይደለም። ፎክማን እንደተመኙት ዕጢን ፈጽሞ በማስራብ የፈወሰ መድኃኒት ግን እስካሁን አልተገኘም፤ የታየው የሕመምተኛውን ዕድሜ በወራት ማራዘም ነው። ታላቁ ጥቅም የታየው ከታሰበው ቦታ ውጭ፣ በዓይን ሕክምና ነው።

በመድኃኒቶቹ ስሞች ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመድኃኒቶች በሚሰጠው የጋራ ስያሜ፣ ከተቀባይ የተሠሩት ሁሉ «-ሴፕት» በሚል ድኅረ ቅጥያ ይጨርሳሉ፤ ለቁርጥማት የሚሰጠው ኢታነርሴፕትም እንዲሁ ነው። በ«-ማብ» የሚጨርሱት ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። እነዚህ ቅጥያዎች ስለ ምንነቱ የሚናገሩ ስለሆኑ ሊተረጎሙ አይገባም፤ በፊደላችን ሲጻፉ ግን አንዱ «ሴፕት»፣ ሌላው «ሰብት»፣ ሦስተኛው «ሴፍት» እያለ ከጻፋቸው የሚያስተባብራቸው ምልክት ይጠፋል። ለመዝገቡ «ሴፕት» እና «ማብ» የሚሉት አጻጻፎች እንዲያዙ፣ ከፊታቸው ያለው የስሙ ክፍልም እንደሚነበበው ብቻ እንዲጻፍ ሐሳብ እናቀርባለን።